ኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት

ዳንግላ ውስጥ ቢያድግልኝን በስሙ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነበር። «ባለ ግመሉ» ከተባለ ግን ገበያ የወጣ ገበሬ ሳይቀር ጣቱን ወደ ጋራዡ ይቀስራል። ግመል የተባለችው ሞተር ሳይክሉ ናት። አንድ መሥሪያ ቤት አገልግሎቷን ጨርሳለች ብሎ በጨረታ ያስወገዳት፣ ቀለሟ የተላላጠ፣ ሆዷ ዘይት የሚያለቅስ አሮጌ ሞተር ነበረች። ቢያድግልኝ እየገፋ ወደ ጋራዡ ሲወስዳት ባለጋሪዎቹ «ፈረስ እናውስህ?» እያሉ ተሳልቀውበታል።

እሱ ግን ሰው የጣለው ብረት ላይ ነፍስ ካልዘራ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ወራት ፈጅቶ ፈታት፣ አጠባት፣ መልሶ ገጠማት። የኋላ አካሏን ቆርጦ በቧንቧ ብረት አስረዘማት። ከተሰበረ ጋሪ ባሌስትራ ፈትቶ ከመቀመጫዋ ሥር አስገባላት። መቀመጫውን ለኮርቻ ሰፊ ሰጥቶ በቆዳ አሰፋው፤ ከኋላ ለሚቀመጠው ሰው እግር ማሳረፊያ እንዲሆንም የፈረስ እርካብ በየደላት። ሥራው ሲያልቅ ወገቧ ረዝሞ ጀርባዋ ጎብጦ ተገኘ። ከተማው አያትና ግመል አላት፤ ግመል ሆና ቀረች።

ስሙ አላስከፋውም። የሚኮራው በመልኳ ሳይሆን በእርጋታዋ ነበር። የሰው ሞተር ሲነሣ ጥርስ ያንገጫግጫል፤ ግመል ግን የቤንዚን ሰልባትዮዋ ላይ ሻይ የሞላ ብርጭቆ ተቀምጦባት ስትነሣ ጠብ የሚል ነገር አልነበረም። ይህን ለማየት ባለጋሪዎቹ ጋሪያቸውን እያቆሙ ይመጡ ነበር። ቢያድግልኝም ሻዩን አንሥቶ በኩራት ፉት ይላል።

በእጁ ሥራ ሰው አያማውም። የሚታማው በቅናቱ ነው። ቅናት መቼም የሌለበት ባል የለም ይባል ይሆናል፤ የቢያድግልኝ ግን ልክ አልነበረውም። ሚስቱ ልክየለሽ ከሱቅ ሳሙና ገዝታ ስትመለስ «ባለሱቁ ለምን በጋዜጣ ጠቀለለልሽ? ለሌላ ሰው እንዲሁ አይደል የሚሰጠው?» ብሎ ምሳውን ሳይበላ የሚያኮርፍ ሰው ነው። የቄሱ መስቀል ግንባሯ ላይ ቆየ ብሎ ከቤተ ክርስቲያን እስከ ቤቱ ድረስ ሳይናገር የሄደበትም ቀን አለ። እሷ ስቃ ታልፈዋለች። እሱን የሚያቃጥለው ደግሞ ሳቋ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን በእንየው ላይ ያለው ቅናት ሲነሣ ቀልድ ነው።

እንየው የዘንገና ገበሬ ነው። በአገው ምድር ፈረሰኛ ሞልቷል፤ እሱ ግን ዳማ ፈረሱ ላይ ሲወጣ ሌሎቹ ፈረሰኞች ራሳቸው ዞር ብለው የሚያዩት ሰው ነበር። ከልክየለሽ ጋር አጥር ለአጥር ተዋስነው ነው ያደጉት። ለአካለ መጠን ስትደርስ ሽማግሌ ልኮባት ነበር፤ አባቷ «ልጄን የምሰጥ ሙያ ላለው ለከተማ ሰው ነው» ብለው መለሱት። ጥቂት ቆይቶ ቢያድግልኝ ሽማግሌ ላከ። ተሰጠው። በመካከሉ ልክየለሽን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ለቢያድግልኝ የእግር እሳት የሆነበት ይኸው ነው። ብትጠየቅ ኖሮ ማንን ትመርጥ ነበር? ይህን ጥያቄ ለእሷ አንሥቶ አያውቅም፤ እንዳይነሣም ይፈራል። ግን አንድም ቀን ከልቡ ወጥቶ አያውቅም።

አገውኛ አለማወቁ ደግሞ ባሰበት። እሱ የቡሬ ልጅ ነው። ልክየለሽ ከዘመዶቿ ጋር በአገውኛ ስትጫወት አጠገባቸው እንደ ግንድ ይቀመጣል። ከሌላው ዘመድ ጋር ስታወራ ይችለዋል፤ ከእንየው ጋር ስታወራ ግን እያንዳንዱ ቃል በእሱ ላይ የተነገረ ይመስለዋል።

በዚያ ዓመት፣ በጥር ጊዮርጊስ፣ በግመል አፈናጥጧት ወደ እንጅባራ ሄዱ። ፈረሰኞቹ በየመንገዱ ነበሩ። ሜዳው ላይ ሲደርሱ እንየው ዳማውን ለቀቀና ከሞተሯ ጎን ለጎን መጋለብ ጀመረ። ቢያድግልኝ ቤንዚን ሰጣት፤ ፈረሱም አልተለየም። እንየው ወደ ልክየለሽ እየተመለከተ በአገውኛ አንድ ነገር ይጮኻል። ልክየለሽ ከኋላ ትስቃለች። ከዚያም በአገውኛ መለሰችለት። እንየውም ከት ብሎ ሳቀና ፈረሱን ወደ ሜዳው መልሶ ሄደ።

ምን አላት? ምን አለችው? ስትመልስለት ዓይኗ ምን ይል ነበር? ቢያድግልኝ ፊቱን ወደ መንገዱ አድርጎ የሚነዳ ሰው ነውና ምንም አላየም።

በማግሥቱ ጋራዡ ጓሮ ውስጥ ከተገለበጠ የጭነት መኪና የጎን መስታወቱን፣ ስፖኪዮውን፣ ፈታ። ትልቅ ነው፤ የሰው ፊት ሙሉውን ይይዛል። ክንድ የሚያህል ብረት አበጅቶለት፣ በእጅ በሚጠብቅ ዳዶ ከሞተሯ መሪ ጋር አሰረው። አዙሮ አዙሮ ከኋላ የሚቀመጠውን ሰው ፊት እንዲያሳየው አደረገ።

ልክየለሽ አይታ «ይኸ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለችው።

«ኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት።»

ያን ጊዜ በዚያ መንገድ ላይ መኪና ከመጣ ልጆች ከየቤቱ ወጥተው የሚያዩት ነበር።

ብቻውን ሲነዳ ስፖኪዮውን ፈትቶ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቅለዋል። የሰፈሩ ልጆች ፊታቸውን እያዩበት እንዳይሰብሩት ሰግቷል፤ ደግሞስ ኋላው ሰው ከሌለ ለምን ይሸከመዋል?

ልክየለሽ እንዳረገዘች ያወቁት በዚያው ሰሞን ነው። ስንት ዓመት የጠበቁት የበኩር ልጅ ነበርና ቢያድግልኝ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። እንዳትንገጫገጭ ብሎ ባሌስትራውን ለወጠ፣ መቀመጫው ላይ ሱፍ ጨመረ፣ የኋላ ጎማዋን በሌላ ተካ። ከዚያ አፈናጥጧት ወደ እንጅባራ መንገድ ወጣ።

ችግሩ የመጣ ያን ቀን ነው። ሦስተኛ ማርሽ ገብታ ሜዳው ላይ ስትለቀቅ ግመል መንቀጥቀጥ ጀመረች። የመንገዱ ጠጠር አይደለም፤ ጠጠር አንዴ ያነሣል አንዴ ያወርዳል። ይኼኛው የወባ ብርድ እንደያዘው ሰው አንድ ዓይነት ትር ትር ነው። ከመሪው ተነሥቶ በክንዱ በኩል እስከ ጥርሱ ይደርሳል። ፍጥነቷን ሲቀንስላት ይቆማል፤ ሲጨምርላት ይመለሳል።

«ኧረ አቁመኝ!» አለች ልክየለሽ ሆዷን በእጇ ደግፋ። «ግመልህ ታማለች።»

ባለሙያ ሰውን በሚስቱ ፊት ከዚህ የበለጠ የሚያዋርድ ነገር የለም። ቢያድግልኝ በማግሥቱ ጠዋት ግመልን እንደ ታረደ በግ ዘረጋት። የለወጠውን ጎማ አወጣና ቸርኬው መጣመም አለመጣመሙን አዙሮ አየ፤ ቀጥ ያለ ነው። የቸርኬውን ራጂዎች አንድ በአንድ በጣቱ እየመታ አዳመጠ። ኩሽኔታውን አውጥቶ አጠበ፣ በግራሶ ቀብቶ መለሰ። ካቴናውን አጠበቀ፣ የሞተሩን ቡሎኖች በሙሉ ፈትሾ አሰረ። ከዚያ በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሜዳ ላይ፣ በዚያው ማርሽ ለቀቃት። ጸጥ! እንኳን መንቀጥቀጥ ሹክ የሚል ድምፅ የለም።

«ድናለች» አለ ለልክየለሽ። አፈናጠጣት። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ትር ትር ጀመረች።

እንደገና ፈታት። በዚህ ጊዜ ክብደት ይሆናል ብሎ አሰበ። ልክየለሽን የሚያህል ጤፍ በጆንያ አስሞልቶ ኋላው ላይ በጠፍር አሰረና ሜዳው ላይ ወጣ። ጤፉ እንደ መነኩሴ ረግቶ ሄደ፣ ረግቶ ተመለሰ። ጤፉን አውርዶ ልክየለሽን ጫነ። ግመል ተንቀጠቀጠች። ስፖኪዮው ውስጥ የልክየለሽን ፊት ለማየት ቢሞክር ሁለት ሦስት ሆኖ ይርገበገብበታል፤ ዓይኗ የቱ ጋ እንደሆነ እንኳ አይለይም። ይህም ሌላ ንዴት ሆነበት። ያን ሁሉ የደከመው ፊቷን ሊያይ ነበር።

እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው ሌላ ባለሙያ ብረቱን ይጠረጥራል። ቢያድግልኝ ሚስቱን ጠረጠረ። ብቻውን ሲሆን ረጋች፣ ጤፍ ሲጭን ረጋች፤ ልክየለሽ ስትወጣ ብቻ ትንቀጠቀጣለች። ታዲያ ከልክየለሽ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል?

«አንቺ ነሽ የምታንቀጠቅጫት» አላት አንድ ቀን ከሞተሯ እንደወረዱ።

«እኔ? በምኔ?»

«እኔ ምን አውቄ! እግርሽን እርካቡ ላይ ታንቀጠቅጪያለሽ። መንገዱ ወደ ዘንገና ሲሆን ሰውነትሽ አይረጋም። የሚመጣውን የሚሄደውን ለማየት ትገለባበጫለሽ።»

ልክየለሽ ያን ጊዜ አልሳቀችም። ነጠላዋን አስተካከለችና ረጋ ብላ ተናገረች፦ «ስማኝ ቢያድግልኝ። ለመውለድ እናቴ ቤት መሄዴ አይቀርም። ይኸ መንቀጥቀጥ ካልቆመ በዚች ነገር ላይ አልወጣም፤ የሆዴን ልጅ አልጥልም። እናቴ ልካብኛለች። እንጅባራ ድረስ በመኪና እሄዳለሁ፣ ከዚያ እንየው ሰጋር በቅሎውን ይዞ ይቀበለኛል።»

አማቱ እማማ እቴናት መልካም አስበው ነው፤ ጎረቤታቸው እንየው ጥሩ በቅሎ አለው፣ ነገሩ ይኸው ነው። ለቢያድግልኝ ግን የታየው ሌላ ነው። የሰጋሯን ልጓም ይዞ እፊት እፊት የሚሄደው እንየው፣ ኮርቻው ላይ የተቀመጠችው የራሱ ሚስት፣ ሆዷ ውስጥ ያለው የራሱ ልጅ፤ የዘንገና ሰው ደግሞ በየደጃፉ ቆሞ ያያል። ከዚያ በኋላ ዘንገና ውስጥ በምን ፊቱ ይታያል? «ባለ ግመሉ ሚስቱን ማድረስ አቅቶት እንየው አደረሰለት» ይባላል። ልክየለሽም በልቧ ታነጻጽራለች። አንዴ ካነጻጸረች አለቀ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ጋራዡ የሰው መኪና እየቆመ ግመል ብቻ የምትፈታበት ቦታ ሆነ። የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ለወጠ። ባሌስትራውን አውጥቶ የቀድሞውን መለሰ። የበየደውን ብረት ሁሉ እንደገና ሰንጥቆ በየደ። ብቻውን ሲሞክራት ሁልጊዜ ጤነኛ ናት። በሽታዋ ሲጠፋበት ቅናቱ እየጠና ሄደ።

በግንቦት አንድ የገበያ ቀን ለምሳ ወደ ቤት ሲገባ እንየው መደቡ ላይ ተቀምጧል። ከፊቱ ጠላ ቀርቦለታል። በጭነት መኪና ተሳፍሮ ለገበያ መምጣቱ ነው፤ እግረ መንገዱንም በቅሎውን ይዞ የሚቀበልበትን ቀን ሊቆርጥ ጎራ ብሏል። ልክየለሽ ጋን አጠገብ ቆማ በአገውኛ የሆነ ነገር ትነግረዋለች፤ ሁለቱም ይስቃሉ። ቢያድግልኝ ሲገባ ሳቁ አልተቋረጠም። ቢቋረጥ ይጠረጥር ነበር፤ ባለመቋረጡም ጠረጠረ።

«እንዴት ዋልህ ቢያድግልኝ፣ ወንድሜ!» አለ እንየው ብድግ ብሎ።

«እግዚአብሔር ይመስገን» አለና ምሳውን ቀረበ። አልበላም፤ አላመጠ እንጂ።

«አንተ ወደ ሥራህ ሂድ፣ በእኔ አትያዝ» አለ እንየው። «መኪናው የሚመለስ ወደ ማታ ነው። እስከዚያ እዚሁ አረፍ እላለሁ።»

እዚሁ! እስከ ማታ! ቢያድግልኝ ጉርሻው ሳይወርድ ተነሣ። «ምን ያስጠብቅሃል? እኔ አደርስሃለሁ። እንጅባራ ጉዳይ አለኝ።»

ጉዳይ አልነበረውም። ጋራዡ ውስጥ አንድ ሹፌር ፍሬኑ የተፈታ መኪና ይዞ እየጠበቀው ነበር። ይጠብቅ! ሊወጣ ሲል ግን አንድ ነገር ትዝ አለው፤ ሰውዬው ከሰፈሩ ሲወጡ ወደ ቤቱ ዞሮ ያይ እንደሆነስ? ተመልሶ ስፖኪዮውን ከግድግዳው አወረደ።

ልክየለሽ ከጋኑ አጠገብ አየችው። «ለእንየውም ይታሰራል እንዴ?»

«ኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት ነው አልሁሽ!»

እንየው ግመል ላይ በፈረሰኛ ወግ ወጣ፤ እግሩን እርካቡ ውስጥ ሲያስገባ «ይኸስ ከኛ አገር ነው» ብሎ ደስ አለው። ከከተማው ወጡ። ቢያድግልኝ አንድ ዓይኑ መንገዱ ላይ አንድ ዓይኑ ስፖኪዮው ላይ ነው። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ።

ግመል ተንቀጠቀጠች።

ቢያድግልኝ መጀመሪያ ደስ አለው። ልክየለሽ አይደለችም! ለካ ንጹሕ ናት! ደስታው ግን አንድ ዳገት አልዘለቀም። በእሱ አትንቀጠቀጥም፤ በጤፍ አትንቀጠቀጥም፤ የምትንቀጠቀጠው በልክየለሽና በእንየው ብቻ ነው። በሁለቱ! ብረት እንኳ ያወቀው ነገር አላቸው ማለት ነው? ይህን ያሰበው ጤነኛ አእምሮ ያለው፣ ስንት ሞተር ፈትቶ የገጠመ ጎልማሳ ነው። ቅናት ሰውን እንዲህ ያደርጋል።

እንየው ከኋላው ምን ዓይነት ፊት እያሳየ እንደሆነ ማየት ፈለገ። ስፖኪዮው ግን ይርገበገባል፤ እንየው አራት ጺም ስምንት ዓይን ሆኖ ይታየዋል። ንድድ አለውና ግራ እጁን ዘርግቶ ስፖኪዮውን ጭብጥ አድርጎ ያዘው።

መንቀጥቀጡ ቆመ።

መሪው ረጋ። መቀመጫው ረጋ። መስታወቱ ውስጥ የእንየው ፊት ጥርት ብሎ ወጣ፤ በሜዳው ላይ የሚግጡ ፈረሶችን እየቆጠረ ያለ የገበሬ ፊት ነበር፣ ሌላ ምንም የለውም። ቢያድግልኝ እጁን ለቀቀ። ትር ትር ጀመረች። ያዘ። ቆመ። ለቀቀ። ተነሣ።

«ቆመ እኮ!» አለ እንየው። «ደግሞ ተነሣ! ምንድን ነው የምታደርገው?»

ቢያድግልኝ ግመልን መንገድ ዳር አቆማት። ያን የሚያህል ከባድ መስታወት፣ በዚያ በረጅም ብረት ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሞተሯ አንድ ፍጥነት ላይ ስትደርስ መወዛወዝ ይጀምራል፤ እሱ ሲወዛወዝ መሪውን፣ መሪው አካሏን ይዞ ይንቀጠቀጣል። ጀማሪ የሚያውቀው ነገር ነው። ከቡሎን እስከ ካቴና ሁሉን ሲፈትሽ ይህን አንድ ነገር ያልነካው ከሞተሯ አካል ስላልቆጠረው ነበር፤ የራሱ ዓይን አድርጎ ነው የያዘው። ብቻውን ሲሆን ይፈታዋል። ለጤፍ አይታሰርም። ለልክየለሽና ለእንየው ብቻ ነው የታሰረው።

ዳዶውን በእጁ ፈታና ስፖኪዮውን አወረደ። አፍሮ ነበር፤ ግን ከእፍረቱ ይልቅ እልሁ በለጠ።

እንየው ወርዶ እግሩን እያፍታታ «ይኸ መስታወት ምን ያደርግልሃል?» አለው።

«ኋላ የሚመጣ መኪና ለማየት።»

እንየው ዞሮ የመጡበትን መንገድ አየ። እስከ ዓይን ማየት ድረስ ባዶ ነው። ከዚያ የእርካቧን ብረት እየነካካ ሳቅ አለ፦ «ልክየለሽ እዚች ላይ እንዴት ትችለዋለች? በልጅነታችን የአባቴ ፈረስ ላይ ባፈናጠጥኋት ቁጥር ዓይኗን ጨፍና እስክንደርስ አትገልጥም ነበር።»

ቢያድግልኝ ከዚህ ሁሉ የሰማው «ባፈናጠጥኋት ቁጥር» የሚለውን ብቻ ነው። ባፈናጠጥኋት ቁጥር! ስንት ጊዜ ነው እሱ? የቀረውን ጆሮው አልተቀበለውም። ስፖኪዮውን በጃኬቱ ጠቀለለና ለእንየው አሸከመው፤ ግመልም እስከ ዘንገና ድረስ ሻይ የሚያስቀምጥ እርጋታ ይዛ ሄደች። ሲለያዩ ቢያድግልኝ ስፖኪዮውን ተቀብሎ «በቅሎህን አታድክማት። ሚስቴን የማመጣ እኔ ነኝ» አለው።

«እሰየው» አለ እንየው። «የሷ ምቾት ነው እንጂ የኔ በቅሎ ምን ቸገራት።»

የሷ ምቾት አለ ደግሞ!

የጉዞው ቀን ስፖኪዮው ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ቀረ። ልክየለሽ ባዶውን መሪ አየች፣ ባሏንም አየች፤ እርካቡን ረግጣ ወጣችና ወገቡን ያዘች። ሜዳው ላይ ሲደርሱ ሦስተኛ ማርሽ አስገባ። ግመል አልተንቀጠቀጠችም። «ተመስገን» አለች ልክየለሽ ከኋላው። ሌላ ባል ቢሆን ይኸ ይበቃዋል።

ቢያድግልኝን ግን አዲስ ጭንቀት ያዘው። እንጅባራን አልፈው ወደ ዘንገና በተቃረቡ ቁጥር ጀርባው እየከበደው ሄደ። የእንየው ቤት መንገድ ዳር ነው። በስፖኪዮው ጊዜ እንኳ ደብዝዞም ቢሆን አንድ ነገር ይታየው ነበር፤ አሁን ከኋላው ያለው ሁሉ ጨለማ ነው። መታጠፊያውን እንደዞሩ እንየው ደጃፉ ላይ ዳማውን እያሻሸ ቆሟል። አያቸውና እጁን አነሣ። ልክ ያን ጊዜ የልክየለሽ እጅ ወገቡ ላይ ጥብቅ ሲል ተሰማው።

ለምን ጠበቀ? ምን አየች? ሰላምታውን መለሰችለት? ፈገግ አለች? ቢያድግልኝ አንገቱን ሊያዞር ፈለገ፤ ጉድጓድ መጣና አልቻለም።

እማማ እቴናት እልል እያሉ ተቀበሏቸው። «ደህና መጣችሁ! እርስዎም ደከሙ አማቼ» ብለው ግመልን ሳይቀር ሊስሟት ደረሱ። ቢያድግልኝ ደግሞ «እንደምን ሰነበቱ» ብሎ ጎንበስ ቢልም ልቡ እዚያ ደጃፍ ቀርቷል። እሳቸው ወደ ውስጥ ሲገቡ ጠብቆ ልክየለሽን ክንዷን ያዛት።

«እንየውን አየሽው?»

«የት?»

«የት ይላል እንዴ ሰው! ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን አነሣልሽ። ያን ጊዜ ወገቤን ጨበጥሽኝ።»

«ሲታጠፍ ዘመም ስላለ ነዋ። ምኑን አየዋለሁ? ጨፍኜ ነበር።»

«ምን?»

ልክየለሽ አፈረች። መሬቱን እያየች በቀስታ ተናገረች፦ «ከኋላህ ስቀመጥ ሁልጊዜ እጨፍናለሁ። ዳንግላ እጨፍናለሁ፣ ስንደርስ እገልጣለሁ። ከልጅነቴ ነው፤ የሚሮጥ ነገር ላይ ሆኜ መንገዱን ካየሁ ልቤ ይጠፋል።»

«ታዲያ በጥር ጊዮርጊስስ? እንየው እየጋለበ ሲጮኽልሽ ሳቅሽ። መለስሽለትም።»

«ዓይንሽን ግለጪ፣ ግለጪ፣ አሁንም አልተውሽም ወይ ነበር የሚለኝ። እስክንደርስ አልገልጥም አልሁት።»

«ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ግመልህን ፈራኋት ልበልህ? ሻይ እያስቀመጥህባት ለሰው የምታሳያትን? ታዝናለህ ብዬ ነው።»

ይህን ብላ ወደ እናቷ ገባች። ቢያድግልኝ ከግመል አጠገብ ብቻውን ቆመ። ያን ሁሉ ወር ወዴት ያያል ብሎ የተሰቃየበት ዓይን ተጨፍኖ ነበር የሚጓዘው። ደስ ሊለው ይገባ ነበር፤ ሊለውም ጀምሮ ነበር። ግን ቅናት እንዲህ በቀላሉ ሰው አይለቅም። እውነቷን ነው? ወይስ እሱን ዝም ለማሰኘት ያመጣችው ነው? ማን ይመሰክራል?

ያን ጊዜ ነው መንገድ ዳር የሰማው ነገር ትዝ ያለው። ጆሮው ያልተቀበለው ቃል አሁን ተመልሶ መጣ። ዓይኗን ጨፍና እስክንደርስ አትገልጥም ነበር። ምስክሩ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም እንየው። ሚስቱን ለማመን እንየውን ማመን ግድ ሆነበት። ከዚህ ሁሉ ወር ሥቃይ ይኸኛው ባሰበት።

አመሻሹ ላይ ወደ ዳንግላ ሲመለስ ያንን ደጃፍ ሊያልፈው አስቦ ነበር። አለፈውም። ከመታጠፊያው ማዶ ሲደርስ ግን ግመልን አቆማት፣ አዞራት፣ ተመልሶ መጣ። እንየው ዳማውን ሊያስገባ ልጓሙን ይዞ ቆሟል።

«ግባ እንጂ፣ ጠላ አለ» አለው።

«አልገባም። አንድ ነገር ልጠይቅህ።» ቢያድግልኝ ሞተሯን አጠፋና መሬት መሬቱን አየ። «ልክየለሽ... እውን ትጨፍን ነበር?»

እንየው መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ባዶውን መሪ አየ፣ ቢያድግልኝንም አየ። አልሳቀበትም።

«ባሏ አይደለህም እንዴ?» አለው። «ያን የሚያህል መስታወት ይዘህ አላየሃትም?»